መቶ በመቶ የምን ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ወዳጃችን አለች። የቤቱ ሀብት ተቆጥሮ የሚያልቀው በሦስት ጣት ነው፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ከሞተ ሱቁም ሞተ ማለት ነው። ሰሞኑን ታዲያ ይሄ ላፕቶፕ መንፏቀቅ ጀመረ። የአንድ ገጽ ማመልከቻ እስኪከፈት ባለጉዳዩ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

ጥገና ቤት ወሰደችው። ቴክኒሻኑ ሁለት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ከፈተና ፍርዱን ሰጠ፦ «አየሽ፣ አንዱ ፕሮሰሰሩ 100% ሥራ ላይ ነው ይላል፤ ሌላው 33% ይላል። ፕሮሰሰሩ አብቅቶለታል፣ ቁጥሩ ራሱ ተምታቶበታል። ለመለዋወጫ ሽጪልኝና ሌላ ግዢ።»

እኛ ያለነው ወልቂጤ ነው። ስልኳ ሲመጣ ሰላምታውንም አላስረዘመችው። «እናንተ ኮምፒውተር ተምረናል ትሉ የለ? ከሁለቱ የቱ ነው የሚዋሸው?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ሁለት የተለያየ ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሸታሙን ነው። መልሱ ግን «ማንም አልዋሸም» ነበር። እንዲያውም የላፕቶፑን በሽታ የነገረን የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው።

መልሰን አንድ ነገር ጠየቅናት። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቺ፣ ከግራፉ ሥር «ስፒድ» ስንት ይላል? «0.79 ጊጋኸርዝ።» «ቤዝ ስፒድ»ስ? «2.40።» በቃ፣ ተገኘ!

እስኪ ቀስ ብለን እናስረዳ። የፕሮሰሰር አጠቃቀም የሚለካበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የቆየው መንገድ ጊዜን ይቆጥራል። በዚህች አንድ ሴኮንድ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ስንቱን ሠራ፣ ስንቱን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ? ሙሉውን ሴኮንድ ሥራ ላይ ከነበረ 100% ይላል። በምን ፍጥነት ሠራ የሚለው አያሳስበውም። ሁለተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጋር ወደ ታስክ ማናጀር የገባው ነው። ይሄኛው የተሠራውን ሥራ ከፕሮሰሰሩ መደበኛ ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል።

በአገራችን ቋንቋ እንናገረው። ሁለት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ እንሰት ሲፍቁ ዋሉ እንበል። አንዷ ብርቱ ናት፤ ሌላዋ ታማ ስለነበር እጇ ቀርፏል። «ስንት ሰዓት ሠሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ነው። «ስንት ፋቁ?» ብትሉ ግን የአንዷ የሌላዋን ሲሶ ቢሆን አይገርምም። ሁለቱም መልስ እውነት ነው፤ የተለያየው ጥያቄው ነው።

የወዳጃችንም ላፕቶፕ እንደዚያችው ታማሚ ነበር። ጊዜውን ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ 100%። የሚሠራው ግን ከ2.40 በ0.79 ፍጥነት ነው። 0.79ን ለ2.40 አካፍሉት፤ 33% ገደማ ይመጣል። ሁለቱ ቁጥሮች አልተጣሉም፤ ተስማምተው «ይሄ ፕሮሰሰር በሲሶ ጉልበቱ እየሮጠ ነው» ይሉን ነበር።

ፕሮሰሰር እንዲህ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በምክንያት ነው። አቧራ የአየር ማስወጫውን ደፍኖት ሲግል ራሱን ለማዳን ይቀንሳል። ባትሪ ቆጣቢ ላይ ሲሆን ይቀንሳል። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ የተሰካባቸውን ቻርጀር ካላወቁት «ይሄ በቂ ኃይል ይሰጠኛል?» ብለው ስለሚጠራጠሩ ሆን ብለው ዝቅ ይላሉ። «ቻርጀር ቀይረሻል እንዴ?» አልናት። ዝም አለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ የድሮው ተቃጥሎ ከገበያ ርካሽ ነገር ገዝታ ነበር። ከጎረቤት ተመሳሳይ ኦሪጅናል ቻርጀር ተውሳ ሰካች። ፍጥነቱ ከ2.40 በላይ ወጣ፤ ማመልከቻውም ሻይ ሳይፈላ ተከፈተ። ላፕቶፕ ሊያስሸጥ የነበረው ጉዳይ በቻርጀር ዋጋ አለቀ።

ተቃራኒውም ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቱርቦ ገብቶ 2.40 የነበረው 3.60 ቢሮጥና ከሴኮንዱ 60%ውን ብቻ ቢሠራ፣ ጊዜ ቆጣሪው 60% ይላል፤ ሥራ ቆጣሪው 90% ይላል። እንዲያውም በዚህ ስሌት ከ100% ማለፍ ይቻላል፤ ታስክ ማናጀር ግን ሰው እንዳይደነግጥ 100 ላይ ይቆርጠዋል።

ሊኑክስ የሚጠቀሙ የግቢ ልጆች ግን የሚደነግጡት በሌላ ነው። «ቶፕ» የሚባለው ፕሮግራም አንዱን ሥራ «400%» ብሎ ያስቀምጥላቸዋል። እሱ 100% የሚለው አንድ ኮርን ነው። አራት ኮር ያለው ማሽን ላይ አራቱንም የያዘ ፕሮግራም 400% ነው። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ግን ሁሉንም ኮር ደምሮ 100% ይላል። (ቶፕ ላይ ትልቁን «አይ» ስትጫኑ እሱም ለኮሮቹ አካፍሎ ያሳያችኋል።)

ሌላው የልዩነት ምንጭ የጊዜ ርዝመት ነው። ታስክ ማናጀር በተለመደው አሠራሩ በየ1 ሴኮንዱ ያያል፤ ቶፕ ብዙ ጊዜ በየ3 ሴኮንዱ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ በ3 ሰዓት ቢደርስ አማካይ ፍጥነቱ 52 አካባቢ ነው። ሜዳው ላይ የሾፌሩን ሰሌዳ ያየ ግን 80 አይቷል፤ ወሊሶ ሻይ ሲጠጣ ያየ ደግሞ 0። ሦስቱም አልዋሹም። በዚህ ላይ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ራሱ ፕሮሰሰር ይበላል። ደካማ ማሽን ላይ ሁለትና ሦስት መቆጣጠሪያ ከከፈታችሁ የምትለኩት በከፊል መለኪያውን ነው።

ማይክሮሶፍትም ይሄ ጭቅጭቅ ሳይሰለቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዊንዶውስ 11 ታስክ ማናጀር ገጾች ሁሉ በአንድ ስሌት እንዲናገሩ ማድረግ ጀመረ፤ የድሮውን ቁጥር ለሚናፍቅ «ሲፒዩ ዩቲሊቲ» የሚባል አማራጭ አምድ ተወለት። ጥሩ ነው። ገጾቹ ቢስማሙም ግን «በምን ፍጥነት?» የሚለውን ጥያቄ ማንም አይጠይቅልንም።

የሚገርመው ይሄን ትምህርት ቡታጅራ ከማንም ቀድማ ማወቅ የነበረባት ከተማ መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትና ሞት ሲመዘግብ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ከስንት ሰው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ይላል። ያለ እነዚህ ሁለቱ ቁጥሩ ወሬ ነው።

ቴክኒሻኑን አጭበርባሪ አንለውም። ግን አስቡት፤ በትናንሽ ከተሞቻችን ስክሪኑን የሚያነብ አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ያመነዋል። ፐርሰንት ደግሞ ሲነገር የፍርድ ቤት ውሳኔ ይመስላል፤ ይግባኝ ያለበት አይመስልም። በዚያ መሀል የሰው እንጀራ አለ።

ስለዚህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑና ማሽናችሁን ዛሬውኑ እዩት፤ ጤነኛ ሳለ መደበኛ ፍጥነቱን እወቁት። አንድ ቀን ጥገና ቤት ሄዳችሁ «ፕሮሰሰርህ ይሄን ያህል ፐርሰንት ነው» ሲሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የምን ፐርሰንት? በስንት ሴኮንድ ውስጥ? በምን ፍጥነት? የሚመልስላችሁ ከተገኘ ላፕቶፓችሁን አደራ ስጡት። ካልተገኘ ላፕቶፓችሁን ታቅፋችሁ ውጡ፤ ቻርጀሩንም እንዳትረሱ።