ተራራ ጥየቃ

አንድ የዳባት ተወላጅ ለከፍተኛ ትምህርት ስዊስ አገር፣ በርን ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ የእነርሱ በጋ በሆነው በሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ የትምህርት ጓደኞቹ ለሽርሽር ይዘውት ወጡ። ዳቦና አይብ በከረጢት ተቋጥሯል። ባቡሩ ኢንተርላከንን አልፎ ላውተርብሩነን አደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ በጥርሳም ሐዲድ የሚወጣ ሌላ ባቡር እያዘገመ ክላይነ ሻይዴክ ከሚባለው የተራራ ኮርቻ ላይ አሰፈራቸው። አይገርና ዩንግፍራው የተባሉት ተራሮች የበረዶ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊት ቆመዋል። ላሞች ቃጭላቸውን እያሰሙ ይግጣሉ። የዳባቱ ልጅ በለምለሙ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ «ከፍታ ማለት ይህ ነው!» አለ።

ከመካከላቸው የመልክዓ ምድር ተማሪ የሆነች የበርን ልጅ ነበረች። ካርታዋን ዘርግታ፣ «ያለንበት ስፍራ 2,061 ሜትር ነው። የአንተስ አገር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው። አላወቀም።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ቢመረምር፣ ዳባት ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ግድም ሆነው አገኛቸው። እናቱ እንስራ አዝለው የሚወርዱበት ወንዝ ሳይቀር፣ እርሱ በባቡር ወጥቶ ካደነቀው ኮርቻ በላይ ኖሯል! ራስ ደጀንም 4,158 ሜትር የሆነውን ዩንግፍራው ከ350 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን፣ የበርኑ ሊቅ ሐንስ ሁርኒም እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ሆነው መሥራታቸውንና የተዳፋቱ አፈር በጎርፍ እንዴት እንደሚታጠብ ማጥናታቸውን አነበበ። እርሱ ግን ሊማሊሞን የሚያውቀው ወደ ሽሬ በአውቶቡስ ሲወርድ፣ ያውም ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት እየደገመ ነው። ወደ ስሜን አንድ ቀን እንኳ አልወጣም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ በተመለሰ በዓመቱ፣ በጥቅምት እሑድ፣ ሁለት አብሮ አደጎቹን አስከትሎ እናቱን ሊወስዳቸው መጣ።

«የማን ንግሥ ነው?» አሉ እናቱ።

«ንግሥ የለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ተራራ ልናይ ነው።»

«ተራራው ምን ሆነ?»

እየሳቁ ተሳፈሩ። ደባርቅ ላይ ፈቃድ አወጡ፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትም ተጨመረላቸው። ከፓርኩ በር አለፍ ብለው ቡይት ራስ ሲደርሱ፣ ደረተ ቀይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ተቀበሏቸው። ወጣቶቹ ዳቦውን ቆርሰው፣ ጠላውን ቀድተው፣ ከገደሉ አፋፍ ተቀመጡ። ጉም ከበታቻቸው ይጓዛል። «እማዬ፣ አያምርም?» አለ ልጅየው።

እናቱ ግን ጉሙን አላዩም። ዓይናቸው ቁልቁል፣ በተዳፋቱ ላይ ከተለጠፉት የገብስ ማሳዎች ላይ ቀርቷል።

«ይህን ያረሰ ሰው በሬዎቹን እንዴት አድርጎ አቆማቸው?» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ድንጋዩ ወጥቷል፤ አፈሩ ሄዷል። ልጆቹስ ከእንግዲህ ምን ሊበሉ ነው?» ሲሉ ጨመሩ።

ሊቁ በሜዳ ጥናት የደረሱበትን እናቱ በአንድ እይታ ደረሱበት። ልጁ ያን የስዊስ ሣር አስታወሰ። በዚያ ላይ ሲጋደም ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ላሞቹም የማን እንደ ሆኑ አልጠየቀም ነበር። ተራራን ለማየት ብሎ መውጣትን ከባዕድ አገር ተምሮ መጣ፤ በተራራው ላይ ሰው መኖሩን ማየት ግን ከእናቱ ዘንድ ቀርቶት ኖሯል።

ማታ ዳባት ሲገቡ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆማ፣ «ከየት ዋላችሁ?» አለች።

«ተራራ ልንጠይቅ ሄደን» አሉ እናቱ።

«ምነው፣ ታሟል እንዴ?»

«መልኩስ አልከፋም። ሰውነቱ ነው ያለቀው።»