ለልጃችን ቴሌስኮፕ ስንመርጥ

ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል» ማለት በብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ነው። በተለይ የሴት ልጅ ጥያቄ ከጓዳው ሥራ አልፎ ወደ ሰማይ ሲወጣ «ምን ያደርግልሻል?» የሚላት አይጠፋም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ በእኛ በዲላ ደግሞ በከፊል ተሸፍና ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲህ የትንሿ ልጃችን ጥያቄ ሁሉ ስለ ሰማይ ሆነ፤ ውሎ አድሮም «ቴሌስኮፕ ግዙልኝ» አለች።

የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባ ነው። ጣሪያችንም ያፈስ ስለነበር ባለቤቴ «ቆርቆሮው ይቅደም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን የልጅቱም ጥያቄ ወጪ የሚገባው መሆኑን አስረድቼ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ለማግኘት ስለ ዕቃው ማጣራት ጀመርኩ። ያገኘሁት ለሌሎች ወላጆችም ይበጃል።

በመጀመሪያ፣ በካርቶን ላይ በሚጻፍ «525 ጊዜ ያጎላል» በሚል ማስታወቂያ መማረክ አይገባም። ዋናው ነገር ብርሃን የሚሰበስበው ሌንስ ወይም መስተዋት ስፋት ነው። ባለ 60 ሚሊ ሜትሩ ከ120 ጊዜ በላይ እንዲያጎላ ቢደረግ ትርፉ ብዥታ ነው። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር።

ሁለተኛው መቆሚያው ነው። በሰሜን ኮከብ የሚስተካከለው ውስብስብ መቆሚያ ለእኛ አካባቢ አይመችም። ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ኮከቡ ከአድማስ ከፍ የሚለው ያንኑ ያህል ብቻ ነው፤ በጌዴኦ ኮረብታና በቡናው ጥላ ዛፎች ይከለላል። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር፣ የማይንቀጠቀጥ መቆሚያ ይሻላል።

ስለሆነም በመጀመሪያው ዓመት 10 በ50 የሚባለውን፣ በሁለት ዓይን የሚታይበትን አቅርቦ ማሳያ መነጽር ገዛን። ዋጋው ካየናቸው ቴሌስኮፖች ያነሰ ስለነበር ቆርቆሮውም አልቀረም። ልጅቱ በበጋው ወራት የጨረቃን ጉድጓዶችና የጁፒተርን ጨረቃዎች ለይታ አሳየችን፤ ከሁላችን ቀድሞ ተራውን የሚጠብቀውም አባቷ ሆነ። ለሳተርን ቀለበት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ባለ 70 ሚሊ ሜትሩ ስለሚበቃ ለመጪው የቡና ወቅት ቀጠሮ ይዘንለታል።

እናቶች ሆይ፣ በመነጽርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን መመልከት ዓይን ያጠፋልና ልጆችን ቀን ቀን ከመሣሪያው ጋር ብቻቸውን አትተዉ። ማታ ግን አትከልክሏቸው። በእንጦጦ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ነገ በእነርሱ የሚመራመሩት ዛሬ በየቤታችን የሚጠይቁት ልጆች ናቸውና።