ወኔ ብቻውን አያደርስም

ስፖርተኛ ሲሸነፍ «ወኔ የለውም» ማለት ይቀናናል። የጎዳና ብስክሌት ውድድር ግን የአእምሮ ጥንካሬ ከወኔ የተለየ ነገር መሆኑን ያሳያል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በጂሮ ዲ ኢታሊያ 10ኛውን ዙር አሸነፈ። ሽልማት መድረኩ ላይ ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኑን መታው፤ ከውድድሩም ወጣ። በ2024 ደግሞ በዚያው ውድድር 4ኛው ዙር ላይ ወድቆ አቋረጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን በቱር ደ ፍራንስ ቱሪን ላይ ቀድሞ ገባ፤ ከቱሩ ዙሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ሁለት ድሎችም ጨመረ።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። በ16ኛው ዙር ኒም ከተማ ሊገባ ሲቃረብ ወደቀ፤ ዋነኛ ተፎካካሪው ያስፐር ፊሊፕሰን የዕለቱን ውድድር አሸንፎ የነጥብ ልዩነቱን አጠበበው። ቢንያም በማግስቱ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። አረንጓዴውን ማሊያም ኒስ ድረስ ይዞ ገባ።

ሦስት ሳምንት በሚፈጅ ውድድር ወኔ የሚጠቅመው ለመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። የቀረው በሰዓቱ መብላት፣ መተኛት፣ ቁስልን ማሳከም፣ ከነፋስ የሚከልሉ የቡድን ጓደኞችን ማመን፣ ነገ ደግሞ እንደገና መነሳት ነው። ይህ በፉከራም በስድብም አይመጣም። ሐኪም፣ አሰልጣኝና ተደጋጋሚ ውድድር ይጠይቃል።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን «ልባቸው ደካማ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ወድቀው የሚነሱበትን ውድድር ሰጥተናቸዋል ወይ ብለን እንጠይቅ።