የትውልድ ቦታ፦ ካፋ

ፎርም ስሞላ አንዲት መስመር ላይ እጄ ሁሌም ይዘገያል። «የትውልድ ቦታ» የምትለዋ ላይ። ለዓመታት «ወሎ» እያልኩ ስሞላ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። የተወለድኩት በ1980 ዓ.ም ካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ የሰፈራ መንደር ነው። «ካፋ» ብዬ ብጽፍ የሚከተለውን ጥያቄ ስለማውቀው ነው የምሸሸው። «ካፊቾ ነህ?» አይደለሁም። «ታዲያ እዚያ ምን ወሰዳችሁ?» መልሱ ረጅም ነው፣ የፎርሙ መስመር ደግሞ አጭር።

ባለፈው ኅዳር እናቴን ይዤ ወደዚያው ሄጄ ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ከድቷታል። በሰኔ 2014 ወለጋ ቶሌ ላይ የደረሰው እልቂት ሲሰማ ቴሌቪዥኑን አስጠፍታ ለቀናት ዝም ብላ ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። «የእኛ አውቶብስ ወደዚያ ዞሮ ቢሆን ኖሮ...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ «ሳልሞት ካፋን አሳየኝ። ልጄን አይቼው ልምጣ።»

ልጄ የምትለው ታላቅ ወንድሜን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ካፋ በገቡ የመጀመሪያው ክረምት ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

ለወጣት አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1977 ዓ.ም ረሃቡ በበረታበት ወቅት ደርግ 300 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ አገራችን አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። ዘመቻው እስኪገታ ድረስ ወደ 600 ሺህ ሰው ተጓጓዘ፣ ትልቁ እጅ ከወሎ ነበር። በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይገመታል። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው የፈረንሳዩ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» በ1978 ከአገር ተባረረ። አንዳንዱ ሰፋሪ ወዶ ሄደ፣ ብዙው ከገበያና ከመጠለያ ታፍሶ ተጫነ። አባቴ በፈቃዱ ተመዘገበ ይባላል። ለተራበ ሰው ፈቃድ የሚባል ነገር ካለ ማለቴ ነው።

እማዬ እንዲህ ትናገራለች፦ «ወረባቦን ለቀን መጠለያ ገባን። አንድ ካድሬ መጥቶ ለም መሬት፣ በሬና ቤት ትሰጣላችሁ አለን። የት ነው ስንል ‹ከፋ› አለ። ስሙ ራሱ አስፈራን። አባትህ ‹እዚህ ካለው የባሰ ምን ሊከፋ ነው?› ብሎ ሳቀ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ይመስለኛል።»

ዛሬ በአማርኛም «ካፋ» ተብሎ ይጻፋል። አገሬው ትክክል ነው። አገር በመከፋት አይጠራም።

ከአዲስ አበባ ቦንጋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅማ አድረን በማግስቱ ጎጀብን ስንሻገር እማዬ መስኮቱን ከፈተችና አየሩን ሳበች። «ይኸው፣ እርጥበቱ» አለች። ወሎ ላይ ዝናብ ጠፍቶ ተሰደዱ፣ እዚህ ደግሞ የማያባራ ዝናብ ጠበቃቸው። ጫካው አስፈራቸው፣ ወባው ጣላቸው፣ የዘሩትን በቆሎ ዝንጀሮ ቀደማቸው። ቆጮ ሲሰጣቸው «እንጨት ነው» ብለው ነበር። ቦንጋ ስንገባ ምሳ ቤት አስተናጋጁን ያዘዘችው ምን መሰላችሁ? ቆጮ።

ቦንጋ ዛሬ በ2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን አሳየኋት። «ውስጡ ምን አለ?» ስትለኝ የቡና ታሪክ መሆኑን ነገርኳት። «እዚህ እኮ ቡና የሌለው ጓሮ አልነበረም፣ ምን ሙዚየም አስገባው?» አለች።

መንደሩን ያገኘነው በጠያቂ ነው። የኛ ሰፈራ «ስግሰጋ» የሚባለው ዓይነት ነበር። ሰፋሪው በነባሩ ገበሬ መሃል ይሰገሰጋል፣ ጎጆውን የሚቀልስለትም ነባሩ ገበሬ ነው፣ እሱም ታዞ። ደርግ ሲወድቅ በ1983 ብዙ ሰፋሪ ወደመጣበት ሲመለስ የኛም ቤተሰብ ተመለሰ። የቀሩት ግን አሉ። ልጆቻቸው ካፊኖኖ እንደ ውሃ ይናገራሉ፣ ተጋብተዋል፣ ወልደዋል።

የድሮ ጎረቤታችን ቤት ስንደርስ ባልና ሚስቱ ሞተዋል። የመጨረሻ ልጃቸው፣ ያኔ ፍየል ጠባቂ የነበረው፣ ዛሬ የሸበተ ሰው ነው። የቡና ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ አላወቃትም። እሷ ግን የእናቱን ስም ጠራች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርከውም፣ የተቃቀፉ ሰዎችን መተረክ አልችልበትም።

ቡና ፈልቶ ስንቀመጥ እማዬ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች። «ልጄን ፍለጋ ብቻ አይደለም የመጣሁት» አለችው። «አባትህ ቀፎ የሚሰቅልበት ትልቅ ዛፍ ነበር። መሬቱ ለእናንተ ተመድቧል፣ መንጥሩ ተባልን። እኔና ባሌ ቆረጥነው። አባትህ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረንም። ማታ እናትህ ማር ላከችልን። ከዚያው ዛፍ የወረደ የመጨረሻው ማር ነበር። አርባ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል። ዐፉ በለኝ።»

ሰውየው ሲኒውን እያዞረ ቆየ። «አባቴ ስለዛፉ እስኪሞት ተናግሯል፣ አልዋሽሽም» አለ። «ግን እናንተ መች መጣችሁ? ተጭናችሁ ነው። እኛም አልተጠየቅንም፣ እናንተም አልተጠየቃችሁም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

መንግሥት መሬቱን ያኔ «ባዶ» ብሎት ነበር። ባዶ አልነበረም። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፣ ቡናው ባለቤት አለው፣ ጫካው የሚጠበቅበት ሥርዓት አለው። ለአንዳንዱ የሳሳ መንደር ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ከአገሩ ሲወሰድ፣ ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው የባርያ ፍንገላ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። በሰው ፈንታ ዛፍ የበቀለበት እርሻ ነበር። እኛ «ድንግል ደን» ብለን የምናደንቀው ከፊሉ የሰው ዕዳ ነው። በዚያ ዕዳ ላይ ነው በ1977 ሌላ ዕዳ የተጫነው። በ2002 ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግብ ዓለም ያጨበጨበው እነዚያ ዳር ቆመው ያዩ ሰዎች ጠብቀው ላቆዩት ነገር ነው።

ትምህርቱን ተምረን ቢሆን ጥሩ ነበር። ከ1996 ጀምሮም 440 ሺህ አባወራ ለማስፈር ታቅዶ በየክልሉ ዘመቻ ተካሂዷል፣ ካፋም ከከምባታና ከሐዲያ አካባቢ ሰፋሪዎችን ተቀብላለች። ያ በፈቃደኝነትና በክልል ውስጥ ነው ተብሎ ነበር፣ ከደርጉ ይሻላል። ሆኖም የነባሩ ሰው ፈቃድ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ የሚጠይቅ አሁንም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ሰፋሪው ይውጣ ነው የምትለው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አይደለም። ሰፋሪውን «መጤ» ብሎ ማሳደድና የነባሩን ቅሬታ «ጠባብነት» ብሎ ማፈን የአንድ ስሕተት ሁለት ገጽ ናቸው። ሁለቱም የወሰነውን ትተው የተወሰነበትን ይከሳሉ። ቶሌ ላይ የሞተው ገበሬ ካርታ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «እዚህ አስፍሩኝ» አላለም። የካፋው ገበሬም «የማር ዛፌን ቁረጡልኝ» አላለም። ፖለቲከኞቻችን ስለ ነባርና መጤ በሚከራከሩበት ልክ ያ ሰውዬና እናቴ ስለ አንድ ዛፍ እንደተነጋገሩት ሰውን ከሰው ቢያነጋግሩ ኖሮ ብዙ ደም ባልፈሰሰ ነበር እላለሁ።

መቃብሩን አላገኘነውም። ያኔ ሰፋሪው ሙታኑን የሚቀብርበት ቦታ ዛሬ የግጦሽ ሜዳ ነው፣ ምልክት አልቀረም። ሰውየው «ከወንዙ ወዲህ ነበር» ብሎ በእጁ አሳየን። እማዬ ጫማዋን አወለቀች፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ቂብላ መልሳ ዱዓ አደረገች። ለልጇ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስትጨርስ ማርውን የላከችላትን ሴት ስም ስትጠራ ሰማኋት።

ስንመለስ ሰውየው ደረቅ ቡናና አንድ ጣሳ ማር አስያዘን። «ከየትኛው ዛፍ ነው?» አለችው። «ከተተከለው» አላት።

አዲስ አበባ በገባሁ በሳምንቱ አንድ ፎርም ሞላሁ። የትውልድ ቦታ የሚለው መስመር ላይ «ካፋ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባዩ ቀና ብሎ «ካፊቾ ነህ?» አለኝ። «አይደለሁም» አልኩት፣ «ጊዜ ካለህ ግን ታሪኩ ረጅም ነው።» ጊዜ አልነበረውም።