ፊቷ ለምን ጠቆረ?

እስቲ ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ቀና ብላችሁ ተመልከቷቸው። አንዱ የሠርግ ነው፤ አንዱ የምረቃ ነው፤ ሌላው የልጅ ልደት ነው። እናታችሁ ብቻዋን፣ በደኅናው ቀን፣ በገዛ ቤቷ ሳለች የተነሣችው ፎቶግራፍስ አላችሁ? እኔ አልነበረኝም።

ይህን ያወቅሁት አክስቴ ያረፈች ጊዜ ነው። ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ ፎቶግራፍ ሲፈለግ የተገኘው የመታወቂያዋ ጉርድ ብቻ ሆነ። ያንኑ አስጎላነው። አውራ ጣት የምታህል ምስል እንደ ግድግዳ መስተዋት ስትሰፋ ምን እንደምትሆን ታውቁታላችሁ። ዓይኗ ከአፍንጫዋ የማይለይ፣ ማኅተም ትከሻዋ ላይ ያረፈባት አንዲት ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ከፊታችን ተቀመጠች። ልጆቿ «እርሷን አትመስልም» እያሉ ነበር የሚያለቅሱት።

በጋዜጠኝነት ወደ አሥር ዓመት ስሠራ ካሜራ ጨብጬ አላውቅም ነበር። እኔ እጽፋለሁ፤ የሚያነሣው ሌላ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ ወንድ ነው። በዲፕሎማ ትምህርቴ ጊዜ ስለ ፎቶግራፍ ያጠናሁት ፈተና ለማለፍ ነበር፤ አለፍሁ፤ ረሳሁት። ከለቅሶው በኋላ ግን የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ። ባለቤቴ «ስልክሽ ያነሣ የለም ወይ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያነሣል። ስልክ ግን ይጮኻል፤ መልእክት ይመጣበታል፤ ልጅ ይነጥቀዋል። አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ዕቃ አማረኝ።

የጀማሪ ነገር፣ ያላነሣሁት የለም። ጀበናው፣ ድመቷ፣ የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ሳይቀር ተነሣ። በፊልሙ ዘመን አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ጊዜ ነው፤ ከዚያ ማሳጠብ አለ፤ ገንዘብ አለ። አሁን እዚያው አይቶ መሰረዝ ነው። ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ አንብቤአለሁ። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆን፣ ካሜራው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አንዲቱን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ23 ሴኮንድ ውስጥ የኔ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ትሰብራለች።

እናቴ የምትኖረው ኦጎልቾ ነው። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የጭላሎን ተራራ ከኋላ ትቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ ቁልቁል ሲወረድ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ኦጎልቾ ይገኛል። ስንዴ የሚያመርቱ ስሙን ያውቁታል። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ይባላልና። አሰላ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው ኦጎልቾ ሲደርስ ያወልቃል፤ ፀሐዩ ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ያሞኘኝም ይኸው ፀሐይ ነው። እናቴን ደጃፉ ላይ አቆምኋት። ከኋላዋ ሰማዩና ግራሩ እንዲታይ አድርጌ አነሣሁ፤ ደግሜ ደጋግሜ አነሣሁ። ሰማዩ አማረ። እናቴ ግን ከሰል ሆነች። በካሜራው ጀርባ ብታየው «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። ከመታወቂያው ጉርድ በምን ተሻልሁ?

ምክንያቱን ያስረዳኝ አብሮኝ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ካሜራ እናትን ከሰማይ አይለይም። የገባለትን ብርሃን ሁሉ አይቶ አማካዩን ይይዛል፤ ሰማዩ ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ የሚጎዳው ፊቷ ነው። ጠይም ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። በነገራችን ላይ፣ በፊልሙም ዘመን ቢሆን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልካቸው በነበሩት የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ቀለሙ የሚለካው በእርሷ ቆዳ ነበር። እናቴ ስትነሣ ማንም እርሷን አላሰበም ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ወደ መደመር መግፋት፤ ከዚያም የሚሻለው የሰዉን ፊት ወደ ብርሃኑ ማዞር። የካሜራውን ብልጭታም አጥፉት፤ ፊትን እንደ ሰሐን ዝርግ ያደርገዋል።

በዚያው ሰሞን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ፈልጌ አየሁ። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የመሠረተችው እርሷ ናት። በምስሎቿ ውስጥ ያሉት ሴቶች ፊታቸው ቀለም የተቀባ ቢሆንም ቀና ብለው ያዩናል፤ አንዳቸውም አልጠቆረባቸውም። ካሜራ የወንድ ዕቃ ነው የሚለኝን ከዚያ ወዲህ አልመልስለትም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ እናቴ ገና ካሜራውን ሳወጣ «ለለቅሶዬ ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ ልል ምላሴ አልታዘዘኝም፤ አይደለም ብል ውሸት ነው። ያረፈችው አክስቴ ታናሽ እኅቷ ነበረች። ዝም አልሁ። እርሷም ጥቂት ቆይታ «እንግዲያው እንደ እኅቴ አታድርጊኝ» አለች። ነጠላ ላምጣልሽ ብላት እንቢ አለች። በመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት መልቀም ጀመረች። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በአንድ ጎን አረፈባት። አርባ ያህል አነሣሁ፤ ደኅናዋ አንዲት ናት። በዚያችው ቅጽበት አውራ ዶሮው ወደ ቤት ሲገባ ልትቆጣው አፏን ከፍታ፣ ሳቋ ቀድሟት ነበር።

ጎረቤቶች ሰምተው መጡ። አንዲት እናት አልነሣም አሉኝ። «ባለፈው የወሰድሽውስ የታል?» አሉ። አፈርሁ። ሰው አንሥቶ ምስሉን በካሜራ ይዞ መሄድ ብድር ወስዶ እንደ መጥፋት ነው ለካ። በማግሥቱ አሰላ ወጥቼ 11 ምስል አሳተምሁና ይዤ ተመለስሁ። እኒያም እናት የባለፈውን ሲቀበሉኝ አገላብጠው አዩትና፣ ጠቁሮባቸው ነበርና፣ «በይ እንደገና አንሺኝ» አሉኝ።

እናንተም ብትጀምሩ ምስሎቻችሁን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ሜሞሪ ካርድ የምትባለዋ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። የኔዋ አንድ ቀን በቀሚስ ኪስ ውስጥ ሆና ከልብስ ጋር ታጠበች። ባለቤቴ «ፊልም ይታጠባል ሲባል ሰምታ ነው» እያለ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። የእናቴን አስቀድሜ ገልብጬው ነበር።

ያቺ ባለ ሽንኩርቷ ፎቶግራፍ አሁን በመስተዋት ሆና እኔ ቤት ተሰቅላለች። እናቴ ቤት ያለችው ግን የእኔ ናት። ልሄድ ስል ካሜራውን ተቀብላኝ ያነሣችኝ ናት። ግንባሬ ተቆርጧል፤ ቤቱም ወደ ግራ ዘምሟል። በርጩማውን ግን መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አዙራልኝ ነበር።