ስምና ሥራ

በናይሮቢ ከተማ ኪሌሌሽዋ በሚባለው በምንኖርበት ሰፈር ማንዴራ መንገድ የተባለ መንገድ አለ። ማንዴራ ኬንያ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጋር በምትዋሰንበት ማዕዘን ያለች ሩቅ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ሆኖም መንገዱ ስሟን ወሰደ እንጂ ወደ እርሷ አያደርስም። እንግዳ ሰው ስሙን አምኖ ቢሳሳት ጥቂት ከመሳቅ በቀር የሚደርስበት ጉዳት የለም። በእኛ ሥራ ግን ስምና ተግባር ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚመጣው ጉዳት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሥራችን ሌሎች የጻፉትን የኮምፒዩተር ኮድ፥ ይልቁንም ድራይቨር የሚባለውን መመርመር ነው። ድራይቨር በኮምፒዩተሩና በአንድ መሣሪያ መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆኖ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ነው። በውስጡም ፈንክሽን የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ በመሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ሹም በማዕርጉ እንደሚጠራ፥ እያንዳንዱ ፈንክሽንም ለአንድ ሥራ ተመድቦ በስሙ ይጠራል።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ደንብ አለው። በሥራ ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች የሚቈጥር ፈንክሽን ቢኖር፥ ስሙ ይህንኑ በግልጽ እንዲናገር እንጂ ተቈራርጦ እንቆቅልሽ እንዳይሆን ደንቡ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ገና ያልጠሩ ድራይቨሮች እስኪጸዱ የሚቆዩበት ስቴጂንግ የተባለ ክፍል ተከፈተ፤ ብዙ ጀማሪዎችም ሙያውን የተለማመዱት በዚያ ኮድ በማጽዳት ነው።

አንድ ወጣት ባልደረባችንም የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት የሚጠብቅ የአንድ መሣሪያ ድራይቨር እንዲያጸዳ ታዘዘ። ሲያጸዳም «ሁኔታን አንብብ» የሚል ስም ያለው ፈንክሽን አገኘ። ፈንክሽኑ ይጠራል፤ ያነበበው ነገር ግን ለምንም አይውልም። ወጣቱ ትርፍ መስሎት ጥሪውን ሰረዘው። እኛም ስሙን አምነን አጸደቅነው።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያለው፥ ሬጅስተር የሚባለው ትንሽ መዝገብ፥ በተነበበ ጊዜ የፊተኛውን የማስጠንቀቂያ ምልክት የሚደመስስ ነበር፤ እንዲህ ያለው አሠራር በብዙ መሣሪያዎች የተለመደ ነው። ንባቡ በመቅረቱ የፊተኛው ምልክት ሳይደመሰስ ቀረ፤ ሁለተኛውም ሊመጣ አልቻለም። መሣሪያው በሙከራ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የማቀዝቀዣው በር ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ሲያድር ማንንም አልቀሰቀሰም። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በውስጡ የነበረው የውሃ ጠርሙስ እንጂ የሕፃናት ክትባት አልነበረም።

በማግሥቱ ወጣቱ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ አመጣልን። ደብዳቤውን በኪሳችን ይዘን በሰፈራችን ጃካራንዳዎች ሥር ስንመላለስ አመሸን። ዝም ብለን ብንቀበለው ስማችን ሳይነካ ይቀር ነበር። ነገር ግን መርማሪ ተብለን ሳንመረምር ማጽደቃችን፥ እንደዚያ ፈንክሽን ስማችን ሌላ ሥራችን ሌላ መሆኑን ገለጠብን። ወጣቱ የተሳሳተው ገና በመማር ላይ ሳለ ነው፤ እኛ ግን የተቀመጥነው የእርሱን ስሕተት ልናይለት ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤውን መልሰንለት በእርሱ ፈንታ የራሳችንን ጻፍን። የተሰረዘውም ጥሪ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የፈንክሽኑም ስም «ሁኔታን አንብበህ ምልክቱን ደምስስ» ተባለ። ስሙ ረዘመ፤ ነገር ግን እውነተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮድ ማጽዳትና አሠራር መለወጥ በአንድነት ተቀላቅለው ሲቀርቡልን አንቀበልም፤ ትርፍ የሚመስል ነገር ከመሰረዙም በፊት የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ እናነባለን።

አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ለፈንክሽን ግን ስም የሚያወጣለት መልአክ ሳይሆን የደከመና የቸኰለ ሰው ነው። እንግዲህ ስም አውጪው እውነቱን ይጻፍ፤ መርማሪውም ከስሙ አልፎ ሥራውን ይመልከት።