ፎቶውን ያነሳችው

እናቴ ክዳኑ የተፋቀ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላት። በውስጡ ካሉት ፎቶግራፎች ሦስቱ ባሕር ዳር የተነሱ ናቸው። በጀርባቸው ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ «ጉርጉሱም፣ ጥር 1965» ተብሎ ተጽፏል። ጉርጉሱም ከምጽዋ በስተሰሜን ያለ የመዋኛ ዳርቻ ነው።

አባቴ ያን ጊዜ አስመራ አስተማሪ ነበር። ጥር ሲገባ የምጽዋ ሙቀት ጋብ ስለሚል የአስመራ ሰው ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስቶ፣ ነፋሲትንና ጊንዳን አልፎ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዙ ቁልቁል መንጎድ ነው። «ጠዋት ጋቢ ደርበን ወጥተን፣ እኩለ ቀን ላይ ላብ በላብ ሆንን» ትላለች እናቴ።

በመጀመሪያው ፎቶ አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውኃው ውስጥ እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። በሁለተኛው እናቴ ታላቅ ወንድሜን ታቅፋ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ሁሉም አንድ ላይ ናቸው፤ እግራቸው ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ ክርኗን ከፍ ያደረገች ሴት ጥላ ተጋድሟል። እኔ ገና አልተወለድኩም።

ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ ሦስተኛውን አሳድጌ፣ በፍሬም አድርጌ ለእናቴ ልሰጣት አሰብኩ። ፎቶ ቤቱ ያለው ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ እያየ፣ «ይቺ ጥላ ታበላሸዋለች፤ ላጥፋት?» አለኝ። አጥፋት አልኩት። የማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅሁም።

የበዓሉ ዕለት ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቀይ ባሕር ነገር የየቤቱ ወሬ ስለሆነ፣ ፎቶው ገና ሲገለጥ «አያችሁ? የኛ ባሕር!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክርክሩ ጦፈ። እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ግርጌ ግርጌውን ስትፈልግ ቆየችና፣

«እሷስ? የት አደረስካት?» አለችኝ።

ያቺ ጥላ ለካስ የአስመራ ጎረቤቷ ነበረች። ካሜራውን ከወንድሟ ተውሳ ሦስቱንም ያነሳችው እሷ ስለሆነች፣ በአንዱም ላይ የለችም። ጥር 1967 ጦርነቱ አስመራ ደጃፍ ሲደርስ፣ ወላጆቼ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሹ ሕምባሻ ጋግራ ስንቅ የቋጠረችላቸውም እሷው ነች። በሰው በሰው የሚላክ ደብዳቤ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ግንቦት 1990 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሳ እሱም ቀረ።

ሐምሌ 2010 ስልክና አውሮፕላን ሲከፈት እናቴ ቁጥሯን አታውቅም። አስመራ ለሚሄድ ሁሉ ስሟንና ሰፈሯን ጽፋ ሰጠች፤ መልስ ይዞ የመጣ ግን የለም። ነሐሴ 2016 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራውን ሲያቋርጥ፣ ወረቀት መጻፏን ተወች።

በማግስቱ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሼ «ጥላዋን መልስልኝ» አልኩት። ልጁ ሳቀ፤ ቢሆንም መለሳት። ዛሬ ፎቶው ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ የባሕሩን ነገር ሲያነሳ፣ እናቴ በጣቷ ወደ ግርጌው ታመለክታለች።

«መጀመሪያ እሷን ሰላም በሉ።»